«ይቺ ሰብለ አይደለችም» ለምትሉ ልጆች

ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ፎቶ ቤት ከፍቼ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ዕድሜዬ ያለቀው ሙሽሮችን ጣና ዳር ሳቆም ነው። ዛሬ ግን የምጽፍላችሁ ስለ ሰብለ ወንጌል ነው፤ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለዷ ሰብለ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በቴሌቪዥን ድራማ ከመጣ ወዲህ ፎቶ ቤቴ ጸጥታ የለውም። አንዱ «ልክ እንዳሰብኳት ናት» ይላል። ሌላዋ «ኧረ ይቺ ሰብለ አይደለችም!» ትላለች። «መጽሐፉን አንብባችሁታል?» ስል ግማሹ ስልኩን ማየት ይጀምራል።

እኔም ከነሱ አልተሻልኩም። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አኩርፌ ተነሳሁ። ባለቤቴ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። «አይደለችም!» አልኳት። ሳቀችብኝ። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ነው ነገሩ የገባኝ። ታሪኩን መጀመሪያ የሰማሁት በሬዲዮ ነው፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው። ሬዲዮ ፊት አያሳይም፤ ፊቱን የሚሰጠው ሰሚው ነው። እኔ ለሰብለ የሰጠኋት የጎረቤታችንን ልጅ ፊት ነበር። እንስራ አዝላ በራችን ላይ የምታልፈዋን። (ባለቤቴ ይህን እንዳታነብ አደራ።) ለካ ያስኮረፈኝ ተዋናይዋ ያችን ልጅ አለመምሰሏ ነው! በዚህ ማን ይወቀሳል?

ስለዚህ በመልክ አትጣሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ጉዳዩ ሌላ ነው። በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ብፅአት አድርገው የሰጡት፣ ቅኔ የተማረ የደሃ ልጅ ነው። ሰብለ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ አባቷ በዘር የሚመጥናት ባል ሲያማርጡ ዕድሜዋ የነጎደባት። ጉዱ ካሳ ደግሞ አለ። ሰው እብድ ይለዋል፤ የዚያን ዘመን ሕመም ግን እንደሱ ያየ የለም። ጉዱ ካሳን ያሳነሰ ፊልም የሁለት ወጣቶች ለቅሶ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኔ የምመዝነው በሱ ነው።

ግን ደግሞ ባለሙያ ላይ አትጨክኑ። ድሮ አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነበር። ለሠርግ ሁለት ጥቅል ይዤ እወጣለሁ። የቀን ሙሉ ሠርግ በ72 ፎቶ! አንዴ የሙሽራዋን እናት ሳላነሳ ፊልሙ አለቀብኝ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሴትዮዋ ሰፈር አላለፍኩም፤ ዞሬ ነበር የምሄደው። ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ ወደ ፊልም የሚመልስ ሰውም ጥቅሉ ያልቅበታል። የሆነ ነገር መቅረቱ አይቀርም። እናንተ ጠይቁ፦ የቀረችው እናት ናት ወይስ የሩቅ ዘመድ?

ካሜራ ጨርሶ የማያነሳውም አለ። ብፅአት እንዴት ይነሳል? በዛብህ ከራሱ ጋር ሲሟገት መጽሐፉ ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል። ካሜራ ያለው ፊት ብቻ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሙሽሮችን ከደንገል ታንኳ አጠገብ አቁሜ «ፈገግ በሉ» እላለሁ። ፈገግታው ይወጣል። ሙሽራዋ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ከሆነ ፎቶው አይናገርም። እኔ ግን ኩሏን ሳይ አንዳንዴ አውቃለሁ። ዝም ብዬ ትንሽ ራቅ ብዬ አነሳታለሁ።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ቀድማችሁ አንብቡ፤ ካልሆነም በትረካ ስሙት። የራሳችሁን ሰብለ ሥሩ፤ ከዚያ የሰውን እዩ። የሌላ ሰው ምስል ቀድሞ ከገባ ማስወጣቱ መከራ ነው። ታሪኩ የሚያልፍባቸው ማንኩሳም ዲማም እዚሁ ጎጃም ናቸው፤ ሩቅ አገር አይደሉም። ፊቶቹን ከመንገድ ላይ ማግኘት አያቅታችሁም።

«ሰብለ አይደለችም» ባይዋ እዚሁ ፎቶ ቤት አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። በጋዜጣ የለበጥኩትን መጽሐፌን አዋስኳት። ሦስት ሳምንት ሆነው። ትናንት «የት ደረስሽ?» ብላት፣ ቀና እንኳ ሳትል፦

«ዲማ ነኝ ጋሼ፣ አይረብሹኝ።»