ደብረ ብርሃን ለምትገቢው እህቴ፦ የት እንደሚበላ፣ ምን ከማን እንደሚገዛ

እህቴ፣ «ከአዳማ ለሥራ ደብረ ብርሃን ልገባ ነው፣ ብቻዬን ነኝ፣ የት ልብላ? አስቤዛስ ከየት ልግዛ?» ያልሽውን ሳነብ ከ9 ዓመት በፊት ከድሬዳዋ ሻንጣዬን ይዤ እዚህ የወረድኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ስለዚህ ትንሽ አስረዝማለሁ፣ ታገሺኝ።

የመጀመሪያውን ዓመት ያባከንኩት የቆላ ምግብ ስፈልግ ነው። ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ብርቱካን እያልኩ ደመወዜን ጨረስኩ፣ የማገኘውም መንገድ ላይ የተቀጠቀጠ ነበር። አንድ ቀን አከራዬ «ልጄ፣ ይኼ እኮ ደጋ ነው፤ ደጋ ያበቀለውን ብትበዪ ምን አለበት?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው ይህ ከተማ ምን ያህል እንደሚያበላ የገባኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ገብሱ፣ ባቄላው፣ በጉ፣ ቅቤው፣ ድንቹ፣ ነጭ ሽንኩርቱ የዚሁ ምድር ነው። ጤፉ ከምንጃር በኩል፣ ሽንኩርትና ፍራፍሬው ከጣርማበር ዋሻ ወዲያ ከሸዋ ሮቢት በኩል ይመጣል። ይህን ካወቅሽ ምን በብዛት፣ ምን በጥቂቱ እንደምትገዢ ራስሽ ትወስኛለሽ። የቆላውን ነገር ለሳምንት ብቻ ግዢ፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር መጀመሪያ የሚወደደው እሱ ነው።

ከመብሉ ልጀምር። ጠዋት በዚህ ብርድ ባዶ ሆድ ቢሮ መግባት አይቻልም። ትንንሽ ቁርስ ቤቶች ውስጥ የገብስ ቂንጬ በቅቤ ጠይቂ፤ እስከ ምሳ ያቆይሻል። ዋጋው ከፍርፍር ያነሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የምትገቢበትን ቤት በሕንፃው አትምረጪ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሹፌሮችና የቀን ሠራተኞች የሚሰለፉበትን እዪ፤ እዚያ ወጡም እንጀራውም አያድርም። ትልልቆቹ ሆቴሎች ለእንግዳ ጥሩ ናቸው፣ ለየቀኑ ግን አይሆኑም። እኔ ምሳዬን ከአንዲት ምግብ አብሳይ ጋር በወር ተዋውዬ ነው የምበላው። መሥሪያ ቤትሽ አካባቢ እንዲህ ዓይነት «ኮንትራት» የሚይዙ እናቶች አይጠፉምና ሥራ በገባሽ ሳምንት የሥራ ባልደረቦችሽን ጠይቂ።

በጾም ቀን ደግሞ የደጋው ባቄላ ይናገራል። በየአይነቱ የትም አለ፤ አንቺ ግን «ስልጆ አላችሁ? እልበትስ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ሁለቱም ከባቄላ ዱቄት የሚሠሩ የጾም ምግቦች ናቸው። ሁሉም ቤት አይሠራውም፣ የሚሠራው ቤት ካገኘሽ ግን አትልቀቂው። በሰናፍጭ የተቀመመ ስልጆ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ እኔን ከሽሮ መሰልቸት ያዳነኝ እሱ ነው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ቤቶቹ አብዛኞቹ ዝግ እንደሚሆኑም አስቢበት። በፍስክ ቀን የበግ ቅቅል ትኩሱን ጠጪ፤ ለብርዱ ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም። ቁርጥ ግን ከለመድሽበት ቤት ካልሆነ አትሞክሪ። የኮሶ ትል ከጥሬ ሥጋ እንደሚመጣ አትርሺ፤ እኔ ራሴ ታምሜበት በመድኃኒት ነው የዳንኩት። ብርዱን በአረቄ የሚያባርሩ ጓደኞችም ታገኛለሽ። የቤት ካቲካላ ጉልበቱ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ፣ ማን እንዳወጣው የማታውቂውን አትቅመሺ።

ወደ ገበያው ልምጣ፤ እውነቱን ለመናገር እኔ የምወደው ይህን ነው። ዋናው ቀን ቅዳሜ ነው። በሳምንቱ መካከል ከሱቅና ከጉሊት የምትገዢውን ነገር ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት ከገበሬዋ እጅ ታገኚዋለሽ። ማልደሽ ሂጂ፤ ረፋዱ ላይ ነጋዴው ጥሩ ጥሩውን ሰብስቦ ይጨርሰዋል። ዝርዝር ብር ያዢ፣ የራስሽን ፌስታልና ጣሳም ያዢ። መጀመሪያ ሳትገዢ አንድ ዙር ዙሪና ዋጋ ስሚ። አነጋገርሽ የእንግዳ መሆኑን ወዲያው ያውቁታል፤ ግን «እናቴ፣ እርስዎ ስንት ይሉታል?» ብለሽ በአክብሮት ከጠየቅሽ አብዛኞቹ አይጎዱሽም። ሦስት አራት ቅዳሜ ከአንዲት እናት ከገዛሽ ደንበኛ ሆነሻል፤ ከዚያ በኋላ ምርቃት ሳትጠይቂ ይጨመርልሻል።

ቅቤ ላይ ተጠንቀቂ። የሸኖ ቅቤ ስሙን ሰምተሻል፤ ከጫጫና ከመንዝ የሚመጣውም አይተናነስም። ችግሩ ያለው በመካከል ከሚገባው ሰው ነው። አንድ ዓመት ለፋሲካ አንድ ነጋዴ 3 ኪሎ ቅቤ «ለጋ» ብሎ ሸጠልኝ። ላዩ ቢጫ፣ ሽታው የሚማርክ ነበር። ሳነጥረው ግን ግማሹ እንደ ሳሙና ነጭ ሆኖ ታች ተኛ፣ የአትክልት ቅባት ሸተተኝ። ዶሮው ድስት ላይ ተቀምጦ አለቀስኩ፤ ለበዓል ያጠራቀምኩት ብር ነበርና። ከዚያ ወዲህ ቀጭን የእንጨት ስንጥር ይዤ ነው የምሄደው፤ ሻጯን አስፈቅጄ እስከ መሃሉ ወግቼ የወጣውን አሸትታለሁ፣ በጣቴም አሻለሁ። ላዩና መሃሉ ቀለሙ ከተለያየ እተወዋለሁ። ሌላው ምክሬ ጊዜው ነው። ቅቤ በዐቢይ ጾም መካከል ፈላጊው ስለሚያንስ ይረክሳል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ይወደዳል። በጾሙ መካከል ገዝተሽ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥረሽ አስቀምጪው፤ በዚህ ብርድ በደንብ ይቆይልሻል።

ገብስ ስትገዢ «ሰነፍ ቆሎ» የሚባለውን ጠይቂ። ገለባው ቶሎ የሚለቅ የገብስ ዓይነት ነው፤ ለቆሎም ለበሶም ተመራጭ ነው። የተፈጨ በሶ ከሱቅ ከመግዛት እህሉን ገዝተሽ፣ ቆልተሽ ወይም አስቆልተሽ፣ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ይሻላል። መሳቢያሽ ውስጥ አንድ ጣሳ በሶ ካለ ራት አብስለሽ ባትበዪም አትራቢም። በርበሬም እንደዚያው ነው፤ ዛላውን ገዝተሽ ቀንጥሰሽ አስፈጪ። የተፈጨው ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ማን ያውቃል?

በግ እስክትገዢ ገና ነሽ፣ ግን በዓል ይመጣል። የመንዝ በግ ሥጋው ጣፋጭ ነው፤ ሰውነቱ ግን ትንሽ ነው፣ ፀጉሩ ደግሞ ብዙ ነው። ዓይን ያታልላል። እጅሽን ፀጉሩ ውስጥ አስገብተሽ ጀርባውንና ላቱን ዳብሺ፤ አጥንት ከነካሽ ትተሽው ሂጂ። ለበዓል ሁለት ቀን ሲቀረው ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ አንድ ሳምንት ቀድመሽ ገዝተሽ ግቢ የሚያስርልሽ ጎረቤት ፈልጊ። ብቻሽን ስለሆንሽ ግን ቅርጫ ይሻልሻል። የጅሩ ሰንጋ ስሙን ሰምተሽ ይሆናል፤ ጎረቤት ተሰባስቦ ሲያርድ አንድ መደብ ያዢ። ሥጋውም ይረክስልሻል፣ ጎረቤትም ታፈሪያለሽ።

ምንም ሰው ያልነገረኝን አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። አዳማ ላይ የለመድሽው ሽምብራና ቦሎቄ እዚህ ሲፈላ ውሎ አይበስልም። ማታ ዘፍዝፊ፤ ከቻልሽ ፕሬሸር ኩከር ይዘሽ ነይ፣ ጋዝሽንም ያድንልሻል። የእንጀራ ሊጥም እንዲሁ ያስቸግርሻል። በብርዱ ለመቡካት 3 ወይም 4 ቀን ሊፈጅ ይችላል። እርሾውን አብዢ፣ ማሰሮውን በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጪ። እኔ የመጀመሪያው ሊጤ ሞተ ብዬ ደፍቼዋለሁ፤ ለካ መታገስ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ካልሆነልሽ በየሰፈሩ እንጀራ የሚሸጡ አሉ። ከጤፍ ጋር ገብስ የተቀላቀለበትን ሲያገኙ ብዙ እንግዶች ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ትኩሱን ከቀይ ወጥ ጋር ቅመሺውና ከዚያ ፍረጂ።

ወተት ከከተማው ዳር ላም ከሚያረቡ ሰዎች በቀጥታ ማግኘት ቀላል ነው። በጾም ወቅት ይረክሳል፣ እንዲያውም ራሳቸው ያመጡልሻል። ግን ሁልጊዜ አፍልተሽ ጠጪ።

የቆላ ናፍቆት ሲብስብሽ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ወደ ደብረ ሲና ውረጂ። ከዋሻው ወዲያ አየሩ ይለወጣል፤ መኪናው ሲቆም የቆሎና የበሶ ሻጮቹ መስኮቱን ይከቡታል። ዘመድ ቤት ስትሄጂ ይዘሽ የምትሄጂው ከዚያ ነው።

ቤት የተከራየሽበትን ሰፈር ስታውቂ ጻፊልኝ። የኔ የቅቤ ደንበኛ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ትደርሳለች፤ የመጀመሪያውን ቅዳሜ አብረን እንወጣለን፣ ስንጥሩን እኔ እይዛለሁ።