የ5 ዓመት ልጄ ለጥርስ ሐኪም አፉን አይከፍትም፤ አያቱ «ያዙትና ይነቀል» ይላሉ

እጅና እግሩን አስይዘሽ አታስነቅዪው። ፊቱ ካላበጠና ትኩሳት ከሌለው ቀጠሮ ቢዛወር ችግር የለውም፤ ካበጠ ወይም ካተኮሰው ግን ዛሬውኑ ይታይ። አያቱም አይፈረድባቸው፤ አሜሪካ ውስጥ እንኳ የልጅን አፍ በእጅ አፍኖ ዝም ማሰኘት ከሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች መመሪያ የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው።

ለቀጣዩ፦

1. ጠዋት አስቀጥሪ፤ እንቅልፍ ጠግቦ፣ ቁርስ በልቶ ይሂድ።
2. መጀመሪያ በሐኪሙ ትንሽ የአፍ መስታወት ብቻ ይታይ። ከዚያ የሚሽከረከረውን የጥርስ ማጽጃ ብሩሽ ድምፅ ይስማ፣ ብሩሹ ጥፍሩ ላይ ይዙርለት፣ ጥርሱ ላይ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።
3. እጁን ሲያነሳ ሐኪሙ እንዲያቆም ተስማሙ። አንዴ ቃሉ ከፈረሰ ልጁ ድጋሚ አያምንም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ከሄዳችሁ፣ ማስተማሪያ ስለሆነ ተማሪዎች ሊከቡት ይችላሉ። የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ቤት የሚያወራው አፋን ኦሮሞ ከሆነ በዚያው።

«ምንም አያምም» አትበዪው፣ በመርፌም አታስፈራሪው።

ማደንዘዣ ከተወጋ ከንፈሩ ለ2 ወይም 3 ሰዓት ይደነዝዛል። ሳይታወቀው እያኘከ ያቆስለዋል፤ በማግስቱ አብጦና ነጭ ሆኖ ሲታይ ብዙ ወላጅ መግል መስሎት ይደነግጣል። እስኪለቀው ምግብ አትስጪው፣ ከንፈሩንም ጠብቂ።