ሆዱ ሟሸሸ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ያለች አንዲት ኢንተርን፣ የመጨረሻ ልምምድ ላይ ያለች ሐኪም፣ ደወለችልኝ። የጎረቤቴ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ አንጀቱ የዞረበት ታካሚ አለን። በቱቦ አስተነፈስነው፣ ሆዱ ሟሸሸ፣ አሁን ቤቴ ልሂድ ይላል። ምን ልበለው?» መልሱ አጭር ነው፦ አይሄድም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እኔም ድሮ ጀማሪ ሐኪም ነበርኩ፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ። አንድ እንዲሁ አንጀቱ የዞረበት ሰው ከመንዝ መጣ። እስከ መኪናው በቃሬዛ፣ ከዚያ በጣርማ በር ዞሮ አይሱዙ ላይ ባናውን ተከናንቦ። ፈሱም ሰገራውም ከቆመ ቆይቷል፣ ሆዱ ተወጥሯል፣ ማስመለስ ግን ገና መጀመሩ ነው። ትልቁ አንጀት ሲዘጋ እንዲህ ነው፣ መነፋቱ ይቀድማል፣ ትውከቱ ይዘገያል። ትንሹ ሲሆን ትውከቱ ይፈጥናል። ራጁ ላይ ያ የቡና ፍሬ የሚመስለው የተነፋ አንጀት ቁልጭ ብሎ ታየ። ሲግሞይድ የሚባለው የደንዳኔ፣ ማለትም የትልቁ አንጀት፣ ክፍል ረዝሞ ሥሩ ሲጠብ በራሱ ላይ ይዞራል፤ በአገራችን ደግሞ የተለመደ ነው።

አለቃዬ በፊንጢጣ በኩል ቱቦ አስገባ። ያ ድምፅ! ያ ሽታ! ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ በር ሸሸ፣ ታካሚው ራሱ ሳቀ። አንዲት ሲስተር ነበረች፣ የአፍንጫ ቱቦ እንደሷ የሚያስገባ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። «ዋጥ ያርጓት አባቴ፣ ውሃ ናት» እያለች ሳያስቡት ጨጓራ ታደርሰዋለች። ኪሷ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም ነበር።

ቀዶ ሕክምናው እዚያው ተኝቶ ሳለ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሠራት ነበረበት። ቱቦው አየሩን ያስወጣል እንጂ አንጀቱን አያሳጥረውም፣ ብዙዎቹ ላይ ተመልሶ ይዞራል። ግን አልጋ የለም፣ ደም የለም፣ ሰመመን ሰጪው ፈቃድ ላይ ነው ተባለና የቀጠሮ ወረቀት ተጻፈለት። እሱም አልከፋውም። ኅዳር ነው፣ ገብሱ ማሳ ላይ ነው። «ዶክተር፣ ነፋሱ ከወጣ ምን ቀረኝ? የደኅና ሰው ሆድ ይቀደዳል እንዴ?» አለኝ። ሚስቱ «ልጄ፣ ደግሞ አይነሳበትም ወይ?» ስትለኝ ወረቀቱን አሳየኋት። ሁለቱም ማንበብ አይችሉም።

ጥር ላይ ተመለሰ። አሁን ሕመሙ መጣ ሄድ ማለት የለውም፣ አንዴ ይዞት ቀርቷል። ትኩሳት አለው፣ የልብ ምቱ ይሮጣል፣ ሆዱን ጫፉን ሲነኩት ይጮኻል። እንዲህ ያለውን በቱቦ አይሞክሩትም፣ በቀጥታ ኦፕራሲዮን ነው። ሲከፈት አንጀቱ ጠቁሯል። የሞተው ተቆርጦ ወጣ፣ የላይኛው ጫፍ ሰገራ እንዲወጣበት በሆዱ ግድግዳ ተከፈተለት። አልተረፈም። ኅዳር ላይ ቢሠራለት ኖሮ ገብሱን ባያጭድም ልጆቹን ያሳድግ ነበር።

የዛሬ ጀማሪ ሐኪሞች ከእኛ በላይ አንብባችኋል፣ አልክድም። ግን እጃችሁ ሆድ ሳይነካ ሲቲ ስካን ታዛላችሁ። ብሽሽት ሳታዩ «የአንጀት መዘጋት» ብላችሁ የምትጽፉ አላችሁ። እማማ መቀነታቸውን መፍታት ያፍራሉ፣ እናንተም ታፍራላችሁ፣ የታነቀው ቡአ፣ በብሽሽት ሾልኮ የተያዘው አንጀት፣ እዚያው ተደብቆ ያድራል። ሲቲን ሰደብኩት እንጂ ያኔ ቢኖረን ኖሮ እየሳምኩ ነበር የምቀበለው።

የፈረንጅ መጽሐፍ የትንሹ አንጀት ዋና መዘጊያ ከድሮ ቀዶ ሕክምና የቀረ የአንጀት እርስ በርስ መጣበቅ ነው ይላል። እኔ በሠራሁበት ዘመን እሱ ብዙም አይታየኝም ነበር። አሁን በኦፕራሲዮን የሚወልደው ሲበዛ ጠባሳ ፈልጉ እላለሁ።

ጉሉኮስ፣ ካቴተር፣ የሽንት ልክ የሚለውን ታውቁታላችሁ፣ አልነግራችሁም። ሪፈር ስትሉ ግን የአፍንጫውን ቱቦ ሳታስገቡ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ሰው አትላኩ። ትውከቱ ሳንባ ከገባ ሌላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ታካሚው ልሂድ ካላችሁ ከእሱ ጋር ብቻ አትከራከሩ። ሚስቱን ወይ ታላቅ ወንድሙን ጥሩ፣ እህሉን ማን እንደሚሰበስብለት ጠይቁ፣ ደቦ ይጠሩለት። አለቃችሁ አልጋ የለም ካለ ተጨቃጨቁት። ካልሆነ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ዛሬውኑ ሪፈር ጻፉ። የቀጠሮ ወረቀት አትስጡት።