የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ ስኳሩም መድኃኒቱም ይነካል

ጥያቄ፦ ዓይነት ሁለት ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ እወስዳለሁ። ክብደቴ 94 ኪሎ ነው፣ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ (ኤዋንሲ) 8.2 በመቶ ሆኗል። ዳቦ፣ ሩዝና ጣፋጭ ከነገ ጀምሮ ላቆም ወስኛለሁ። የምጠነቀቅበት ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ ዳቦውን ከማቆምዎ በፊት መድኃኒቱን ያዘዘልዎትን ሐኪም ያነጋግሩ። ግሊቤንክላሚድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋል፤ በሉም አልበሉም ሥራውን ይሠራል። መጠኑ የተወሰነው እስካሁን ይበሉት በነበረው ምግብ ልክ ነው። ካርቦሃይድሬቱ በአንድ ቀን ሲቀር መድኃኒቱ ግን እንዳለ ከቀጠለ፣ ስኳርዎ በዴሲሊትር ደም ከ70 ሚሊግራም በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልብዎታል፣ ልብ ይመታል፣ ሐሳብ ይበታተናል፤ ካልታረመ ራስን እስከመሳት ያደርሳል። ግሊቤንክላሚድ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ረዥም ሰዓት ስለሚቆይ፣ አንዴ የተስተካከለው ስኳር ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊወርድ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎችም ይኸው ስጋት አለባቸው። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የእነዚህን መድኃኒቶች መጠን የሚቀንሱት ወይም የሚያቆሙት አመጋገቡ በሚጀመርበት ዕለት ነው፣ ስኳሩ ወርዶ እስኪታይ አይጠብቁም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል።

ስኳርዎ ከ70 በታች ከወረደ 15 ግራም ፈጣን ስኳር ይውሰዱ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ይበቃል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙት። ቸኮሌት ለዚህ አይሆንም፣ ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል።

ሌሎች አንባቢዎቻችን የሚወስዷቸው ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ደግሞ የተለየ አደጋ አላቸው። እነዚህ ስኳርን በሽንት ያስወጣሉ። ካርቦሃይድሬትን በጣም ከቀነሰ ሰው ጋር ሲገናኙ ኬቶአሲዶሲስ የሚባለውን፣ ደም አሲዳማ የሚሆንበትን ድንገተኛ ሕመም ሊያስነሱ ይችላሉ። ክፋቱ የስኳር መለኪያው ያን ጊዜም ደህና ቁጥር ሊያሳይ መቻሉ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመምና ትንፋሽ መፍጠን ከታየ ቁጥሩን አይመኑ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የደም ግፊት መድኃኒትም ክብደት ሲቀንስ መጠኑ ሊበዛብዎ ይችላል፤ ከተቀመጡበት ሲነሱ የሚያዞርዎ ከሆነ ግፊትዎን ይለኩ።

የዓይን ምርመራ ካደረጉ ከዓመት በላይ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይጨርሱ። ለረዥም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ፣ ቀድሞ የተጎዳ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል) ለጊዜው ሊባባስ ይችላል።

ጥያቄ፦ «ካርቦሃይድሬት ቀንሽ» ይሉኛል፣ ስንት ግራም እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም። ምን ያህል ነው? ሳህኔ ላይ ምን ይሁን?

መልስ፦ በቀን ከ130 ግራም በታች ሲሆን ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ይባላል፤ ከ20 እስከ 50 ግራም ሲሆን በጣም ዝቅተኛው፣ ኬቶ የሚሉት ነው። ለጀማሪ ከ100 እስከ 130 ባለው እንዲጀምሩ እንመክራለን። ወደ 30 ግራም በአንድ ጊዜ የሚወርድ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይዘልቅበት ይቀራል፣ የመድኃኒት ማስተካከያውም ይከብዳል።

ቁጥሮቹን አንድ ጊዜ ካወቋቸው በዓይን መገመት ይቻላል። አንድ ቁራሽ የተቆረጠ ዳቦ ወደ 15 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ የተቀቀለ ሩዝ ወደ 45፣ መካከለኛ ሙዝ ወደ 27፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 12 ግራም ካርቦሃይድሬት አላቸው። እንቁላል ከአንድ ግራም በታች ነው፤ ሥጋና ዓሣ ከሞላ ጎደል የላቸውም። ግማሽ ብርጭቆ የተቀቀለ ምስር ወደ 20 ግራም አለው፣ ከዚያ ውስጥ ግን 8 ግራም ያህሉ ስኳር የማይሆን አሰር ስለሆነ ከሩዝ በእጅጉ ይሻላል።

እንግዲህ ቁርስ ላይ ሁለት ቁራሽ ዳቦ፣ አንድ ሙዝና አንድ ብርጭቆ ወተት ብንል 69 ግራም ሆነ፤ ቀኑ ሳይጀመር የዕለቱ ግማሽ አለቀ ማለት ነው። በምትኩ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ከስፒናችና ከቲማቲም ጋር ጠብሰው፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ ቢጨምሩበት ከ20 እስከ 25 ግራም ነው፤ እስከ ምሳም ያቆያል። ለምሳና ለእራት የሳህኑን ግማሽ ቅጠላ ቅጠልና ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ዝኩኒ የመሳሰሉት ይሙሉት፤ ሩቡን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል ወይም አይብ፤ ቀሪው ሩብ ጥራጥሬ ወይም ትንሽ ሩዝና ድንች ይሁን። አትክልቱንና ፕሮቲኑን አስቀድመው፣ ሩዙን መጨረሻ ላይ ይብሉ፤ ያው ምግብ በዚህ ቅደም ተከተል ሲበላ ስኳር የሚወጣው በመጠኑ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ጥቁር ዳቦ ላይ ነው። አሰሩ ይበልጣል እንጂ የካርቦሃይድሬቱ መጠን ከነጩ ብዙም አይርቅም። ማር ስኳር ነው። «ስኳር የሌለው» ተብሎ የሚሸጥ ብስኩትም የተሠራው ከዱቄት ነው፣ ዱቄቱ ደግሞ ሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናል። ጭማቂ ቤት የተጨመቀ ቢሆንም ያው ነው፤ ፍሬውን ራሱን ይብሉ።

ከማንኛውም ሰንጠረዥ የሚበልጠው የራስዎ መለኪያ ነው። ልክ ከመብላትዎ በፊት ይለኩ፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ሰዓት ቆጥረው ደግመው ይለኩ። ልዩነቱ ከ50 ሚሊግራም ካለፈ የዚያን ምግብ ካርቦሃይድሬት በግማሽ ቀንሰው በሌላ ቀን ይሞክሩት። እጅዎን በሳሙና ታጥበው፣ አድርቀው ይለኩ፤ ጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ጭማቂ ውጤቱን በብዙ ያሳስታል። የስትሪፑን (የደም ጠብታው የሚነካበትን የመለኪያ ወረቀት) ዕቃ ክፍት አይተዉት፣ እርጥበት ያበላሸዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ራስ ምታት፣ ድካምና የጡንቻ መጨማደድ ሊመጣ ይችላል። ኢንሱሊን ሲቀንስ ኩላሊት ጨውና ውኃ ስለሚያስወጣ ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ወይም የደም ግፊት ከሌለብዎ ምግብዎ ላይ ትንሽ ጨው መጨመርና ውኃ መጠጣት ያስታግሰዋል።

ጥያቄ፦ ለአራት ወር ካርቦሃይድሬት ቀንሻለሁ። ስኳሬ በጥሩ ሁኔታ ወርዷል፣ ክብደቴ ግን የቀነሰው ሁለት ኪሎ ብቻ ነው። ስኳሬ ከወረደ ክብደቱ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ብዙ ያደርጋል። ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ ወደ ደም የሚገባው ስኳር ስለሚያንስ ቁጥሩ በቀናት ውስጥ ይወርዳል። የበሽታው ሥር ግን ለብዙ ሰው ያለው ጉበትና ቆሽት ውስጥ በተጠራቀመው ስብ ላይ ነው። ስብ የሞላው ጉበት ለኢንሱሊን አይታዘዝም፣ ሳይበሉም ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ትርፉን ስብ ደግሞ ወደ ደም ይልካል፤ ቆሽትም ከዚያ ይደርሰዋል፣ ኢንሱሊን የሚያመነጩት ሴሎችም ይደክማሉ። ይህ ስብ የሚወጣው ክብደት ሲቀንስ ነው።

ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን በብሪታንያ የተካሄደውና በሮይ ቴይለርና በማይክ ሊን የተመራው ዳይሬክት የተባለው ጥናት ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ተሳታፊዎቹ በሽታው ከታወቀባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸውና ኢንሱሊን የማይወስዱ ነበሩ። ከሦስት እስከ አምስት ወር በቀን 850 ካሎሪ ያህል የሚሰጥ በጥብጦ የሚጠጣ ምግብ ብቻ ወሰዱ። በዓመቱ 46 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ወሰን በታች ሆነ፤ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ውስጥ ደግሞ 86 በመቶዎቹ። ልብ ይበሉ፣ ከሚጠጡት ምግብ ካሎሪ ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከካርቦሃይድሬት ነበር። ውጤቱን ያመጣው የቀነሰው ኪሎ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ካርቦሃይድሬትን የምንወደው ረሃብ ሳያበዛ ክብደት ለመቀነስ ብዙ ሰው ስለሚረዳው፣ እግረ መንገዱንም ስኳሩን ስለሚያወርድ ነው። ክብደት ካልቀነሰ ግማሹ ሥራ ቀርቷል።

የእርስዎ ኪሎ ለምን ቆመ? ዳቦው ሲወጣ ምን ገባ ብለው ይፈትሹ። አብዛኛውን ጊዜ ዘይት፣ ለውዝና አይብ ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ነው፤ 30 ግራም ለውዝ፣ ያውም አንድ እፍኝ፣ ወደ 170 ነው። ለውዝ ከከረጢቱ እየዘገኑ መብላት ለስኳር ምንም አያደርግም፣ ለክብደት ግን የአንድ ምግብ ያህል ነው። ለአንድ ሳምንት ዘይቱን በማንኪያ ለክተው ያፍሱ፣ ለውዙን በሚዛን ይመዝኑ። ፕሮቲኑን ግን አይንኩ፣ ክብደት ሲቀንስ ጡንቻ አብሮ እንዳይሄድ ያስፈልግዎታል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ይጨምሩበት። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም እነሱ ራሳቸው ክብደት ይጨምራሉና መጠኑ እንዲታይልዎ ይጠይቁ። ወገብዎን በሜትር ይለኩ፤ ሚዛን ሳይነቃነቅ ወገብ የሚጠብባቸው ሳምንታት አሉ።

ጥያቄ፦ ማታ ስተኛ 115 የነበረው ስኳር ምንም ሳልበላ ጠዋት 145 ሆኖ አገኘዋለሁ። ለምን?

መልስ፦ ሊነጋጋ ሲል ሰውነት ለመንቃት የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ጉበት ስኳር እንዲለቅ ያዙታል። ኢንሱሊን በደንብ የሚሠራለት ሰው ያንኑ ይመልሰዋል፣ በስኳር ታማሚ ላይ ግን ቁጥሩ ይወጣል። የጠዋቱ ስኳር ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚስተካከለው ነው። ከእራት በኋላ 15 ደቂቃ በእግር መሄድና እራትን ማቅለል ይረዳል። ማታ ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሁለት ቀን ይለኩ፤ ስኳርዎ በዚያ ሰዓት እየወረደ ከሆነ መጠኑ መቀነስ አለበት።

ጥያቄ፦ 16 ኪሎ ቀንሼ ኤዋንሲዬ 6.1 ሆኗል። መድኃኒቴን በራሴ አቁሜያለሁ። ድኛለሁ ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ትልቅ ሥራ ነው የሠሩት። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም አቀፍ የስኳር ሐኪሞች በተስማሙበት መለኪያ፣ መድኃኒት ካቆሙ ቢያንስ ሦስት ወር አልፎ ኤዋንሲ ከ6.5 በታች ከሆነ በሽታው ጋብ ብሏል ይባላል። ስለዚህ ያቆሙበትን ቀን ቆጥረው በሦስተኛው ወር ደግመው ይመርመሩ፣ ሐኪምዎም ማቆምዎን ይወቅ። ክብደቱ ከተመለሰ ስኳሩም ይመለሳል። ኤዋንሲ ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ የዓይን፣ የኩላሊትና የእግር ምርመራም እንደበፊቱ ይቀጥል፤ ከፍ ብሎ የቆየባቸው ዓመታት ያደረሱት ጉዳት ዘግይቶም ሊታይ ይችላል። የደም ማነስ ካለብዎ ደግሞ ኤዋንሲ እውነተኛውን ላያሳይ ስለሚችል በጾም ስኳር ያመሳክሩት። የኮሌስትሮል ምርመራም ያድርጉ፤ ካርቦሃይድሬት በቀነሱ አንዳንድ ሰዎች ላይ ኤልዲኤል የሚባለው፣ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመታቸው ነው፣ ቀጭን ናቸው። ዓይነት ሁለት ስኳር ተብለው ክኒን ይወስዳሉ። በዚህ ዓመት ሳያስቡት ሰባት ኪሎ ቀንሰዋል፣ ስኳራቸው ግን እየጨመረ ነው። ዳቦና ሩዝ ልከልክላቸው?

መልስ፦ አይከልክሏቸው፣ ይልቅ በዚህ ሳምንት ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። ሳይፈልጉት ክብደት እየቀነሰ ስኳር የሚጨምር ከሆነ ሰውነታቸው ኢንሱሊን እያጠረው ሊሆን ይችላል። ዓይነት አንድ ስኳር በዚህ ዕድሜም ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜም ዓይነት ሁለት ተብሎ ይታለፋል፤ የቆሽት ሕመምም እንዲህ ሊያሳይ ይችላል። የጋድ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት የራሱን ቆሽት እያጠቃ እንደሆነ የሚያሳይ) እና የሲ ፔፕታይድ (ቆሽት ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚያመነጭ የሚያሳይ) ምርመራ ያስፈልጋቸው እንደሆነ፣ ቆሽታቸውም በምስል ይታይ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። ብዙ ውኃ ይጠጣሉ፣ ቶሎ ቶሎ ይሸናሉ፣ ያስታውካሉ ወይም ይፈዛሉ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ያድርሷቸው።