ረቂቁ ካለቀ በኋላ፦ ለአሳታሚና ለሽልማት ስለ ማስገባት ጥያቄና መልስ

የመጽሐፍ ረቂቅ ለአሳታሚ ወይም ለሥነ ጽሑፍ ውድድር ስለ ማስገባት የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። የሚመሳሰሉት ተጠቃለው ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 280 ገጽ ልቦለድ ጨርሻለሁ። የትኛው ማተሚያ ቤት ብወስደው ይሻላል?

መልስ፦ ማተሚያ ቤት፣ ብርሃንና ሰላምም ይሁን ሌላ፣ ተከፍሎት ያትማል እንጂ አንብቦ «ይሄ ይውጣ፣ ያኛው ይቅር» አይልም። የሚመርጠው አሳታሚው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጊዜ መጻሕፍት ሻጩ፣ አከፋፋዩና አሳታሚው አንድ ሰው ስለሚሆን ማንን እንዳነጋገርክ ላታውቅ ትችላለህ። ሦስት ነገር ጠይቅ፦ የኅትመቱን ወጪ ማን ይሸፍናል? ስንት ቅጂ ይታተማል? ያልተሸጠው የማን ነው? ወጪውን አንተ ከሸፈንክ አሳታሚው አንተ ነህ። ይህ ምንም ነውር የለውም፤ አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ የሚወጣው በደራሲው ወጪ ነው። የሚያሳዝነው ደራሲው ከኪሱ ከፍሎ መብቱንም አብሮ ሲያስረክብ ነው።

አሳታሚ ከመምረጥህ በፊት ወደ መጻሕፍት መደብር ጎራ በልና ያንተን ዓይነት ሥራዎች አንሥተህ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን አንብብ። የአሳታሚው ስም፣ የእትሙ ቁጥርና ዓመተ ምሕረቱ እዚያ አለ። ላለፉት ሦስት ዓመታት የታሪክና የፖለቲካ መጽሐፍ ብቻ ላወጣ ቤት የፍቅር ልቦለድ መላክ የሁለታችሁንም ጊዜ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ የላክሁት ፋይል «አይነበብም» ተብሎ ተመለሰ። እኔ ኮምፒውተር ላይ ግን ደኅና ነው።

መልስ፦ በአሮጌ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ይመስላል። ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት) ከመለመዱ በፊት የነበሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ትርጉም የለሽ ምልክት ብቻ ይሆናል። አንድ ገጽ ገልብጠው ፎንቱን ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ወደሚባሉት የዩኒኮድ ፎንቶች ይቀይሩት፤ ፊደሉ ከተበላሸ ጽሑፉ ዩኒኮድ አይደለም ማለት ነው። መለወጫ ፕሮግራም አለ፤ ከተለወጠ በኋላ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መነበብ አለበት፣ በተለይ እንደ ቋ፣ ሟ፣ ጓ ያሉት ፊደላት ሊሳሳቱ ይችላሉ።

እግረ መንገዴን ሥርዓተ ነጥቡንም ላንሣ፤ አንባቢ አርታኢ ገና በመጀመሪያው ገጽ የሚያየው እሱን ነው። ብዙ ሰው አራት ነጥብ የሚጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት ነው። ለዓይን አንድ ይመስላል፣ ነገር ግን መስመር ሲያልቅ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ይወድቃል። በ«ፈልግና ተካ» ሲያስተካክሉ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። መጀመሪያ «፡፡» እና «::» ሁሉ በ«።» ይተካሉ። ቀጥሎ «፡-» በ«፦» ይተካል። በቃላት መካከል የቀረ ነጠላ «፡» ካለ በክፍት ቦታ የሚተካው መጨረሻ ላይ ነው። እሱን ካስቀደሙ ሌሎቹ ተበጣጥሰው ይቀራሉ፣ ከዚያ በኋላ በእጅ መልቀም ብቻ ነው። ቃላትን በ«፡» ብቻ ለይተው ያለ ክፍት ቦታ ከጻፉ ደግሞ ዎርድ ዐረፍተ ነገሩን እንደ አንድ ቃል ይቆጥረዋል፤ የቃላት ገደብ ላለው ውድድር የሚሰጡት ቁጥር ከእውነቱ እጅግ ያነሰ ይሆናል።

የገጸ ባሕርያትን ስም አጻጻፍም አንድ ያድርጉ። ምዕራፍ አንድ ላይ «ኃይሉ»፣ ምዕራፍ አምስት ላይ «ሀይሉ»፣ መጨረሻ ላይ «ሃይሉ» የተባለ ሰው አርታኢን ያሰለቻል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ላይ የመረጡትን አጻጻፍ በአንድ ገጽ ዝርዝር ይያዙና ከረቂቁ ጋር ይላኩት። ይህ ገጽ አርታኢው ስሕተትን ከምርጫ እንዲለይ ይረዳዋል።

ጥያቄ፦ ከረቂቁ ጋር ምን ምን ይያያዛል?

መልስ፦ የአሳታሚው መመሪያ ካለ እሱ ይቀድማል። ከሌለ፦ አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ (የሥራው ዓይነት፣ የገጽ ወይም የቃላት ብዛት፣ ለማን እንደተጻፈ፣ ያንቺ ማንነት በሦስት ዐረፍተ ነገር)፤ የታሪኩ አጭር ይዘት በአንድ ገጽ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ወይም 30 ገጽ ያህል። በአጭር ይዘቱ ላይ የታሪኩን መጨረሻ አትደብቂ። «መጨረሻውን መጽሐፉ ውስጥ ያገኙታል» የሚለው ለጀርባ ሽፋን ይሆናል፤ አርታኢ ግን ታሪኩ የት እንደሚደርስ ሳያውቅ ሊወስን አይችልም።

እህቴ፣ አንድ ነገር አደራ። መታሰቢያውን፣ ምስጋናውን፣ የታወቀ ሰው የጻፈልሽን መቅድምና ረጅሙን መግቢያ ለጊዜው አውጪው። 30 ገጽ ብቻ ሊያነብ ለተዘጋጀ ሰው 11ዱን ምስጋና ካደረግሽበት ለታሪክሽ የተረፈው 19 ነው።

ጥያቄ፦ ቢሰርቁኝስ? መጀመሪያ አይኤስቢኤን ላውጣ?

መልስ፦ አይኤስቢኤን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ነው፤ የባለቤትነት ማስረጃ አይሆንም። በኢትዮጵያ የሚሰጠው ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ነው። የሚያስፈልገው ለኅትመት ሲደርሱ ነው፤ አሳታሚ ከያዘው ደግሞ ጉዳዩ የአሳታሚው ነው። የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ሲፈጠር ያለ ምንም ምዝገባ የደራሲው ይሆናል፤ ደራሲው በሕይወት እስካለና ካለፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆንዎታል፤ ስለዚህ አይከፋም። ከዚያ ባሻገር ረቂቁን በኢሜይል መላክ ቀን ያለበት ማስረጃ ያስቀራል። በፍላሽ ሰጥቶ «አንብበውና ንገረኝ» ማለት ግን ምንም አያስቀርም።

ጥያቄ፦ አሳታሚ «10 በመቶ እንሰጥሃለን» አለኝ። ጥሩ ነው?

መልስ፦ ከምኑ ላይ 10 በመቶ? ሁሉ ነገር እዚያ ላይ ነው። የሽፋን ዋጋው 500 ብር ነው እንበል። ከሽፋን ዋጋ ከሆነ ለአንድ ቅጂ 50 ብር ይደርስሃል። አከፋፋዩ 40 በመቶ ከወሰደ በኋላ ለአሳታሚው ከሚገባው 300 ብር ላይ ከሆነ 30 ብር ነው። በ2,000 ቅጂ ልዩነቱ 40,000 ብር ይሆናል። በውሉ ላይ «ከሽፋን ዋጋ» ወይም «ከተጣራ ገቢ» የሚል ቃል በግልጽ ይግባ፤ ሁለተኛው ከሆነ ምን ምን እንደሚቀነስ ይዘርዘር።

ከመቶኛው ይልቅ የእትሙ ጉዳይ የበለጠ ይጎዳል። «የመጽሐፉን መብት ለአሳታሚው ሰጥቻለሁ» የሚል አንድ መስመር ላይ ፈርሞ አምስተኛ እትም ሲወጣ መንገድ ላይ ማየት አለ። እንዲህ ይጻፍ፦ ውሉ ለመጀመሪያው እትም ብቻ፣ ከዚህን ያህል ቅጂ ላልበለጠ ነው፤ ከማተሚያ ቤቱ የርክክብ ሰነድ አንድ ቅጂ ለደራሲው ይሰጣል፤ መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቶ በ12 ወር ውስጥ ዳግም ካልታተመ መብቱ ይመለሳል። የድምፅ ትረካ፣ የትርጉም፣ የፊልምና የድራማ መብት እያንዳንዱ ለብቻው ይጠቀስ፤ ያልሸጥከውን «ለደራሲው የተጠበቀ» ብለህ አስጽፍ። የቅጂ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ስለሆነ የቃል ተስፋ ላይ አትደገፍ። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግም ከቁጥር 2672 ጀምሮ ስለ ኅትመት ውል ይደነግጋል፤ ከመፈረምህ በፊት አንድ የሕግ ባለሙያ ያንብብልህ። ለአንድ ሰዓት ምክር የምትከፍለው ከላይ ካየነው ልዩነት ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ ከላክሁ አራት ወር ሆነኝ፣ ዝም ብለዋል። ለሌላ ልላክ?

መልስ፦ መመሪያቸው «ለእኛ ብቻ» ካላለ ይላኩ፤ ደብዳቤዎ ላይ ለሌላም መላክዎን ይግለጹ። አንዱ ከተቀበለ ለሌሎቹ በዚያው ቀን ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ ልቦለዴን ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል ለቅቄዋለሁ። ለውድድር ይሆናል?

መልስ፦ «ያልታተመ ሥራ» በሚሉ ውድድሮች ዘንድ ለሕዝብ የተለቀቀ ሁሉ እንደታተመ የሚቆጠርባቸው ብዙ ናቸው፤ ቢያጠፉትም ደግመው ያጋሩት ሰዎች አይጠፉም። ደብቆ ከማስገባት አስቀድሞ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ይሻላል። በሌላ በኩል እንደ ሆሄ ያለው የአገር ውስጥ ሽልማት የሚያወዳድረው የታተመ መጽሐፍን ነው፤ ረቂቅ ይዘው ቢሄዱ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቶሮንቶ ነው የምኖረው። በአማርኛ የጻፍሁትን ለዓለም አቀፍ ውድድር ማስገባት እችላለሁ?

መልስ፦ በአማርኛ እንዳለ ከባድ ነው፤ በትርጉም ግን በሮች አሉ። የካናዳ ዜግነት ካለዎት የኮመንዌልዝ የአጭር ልቦለድ ሽልማት ይመለከትዎታል፦ ያልታተመ ታሪክ፣ ከ2,000 እስከ 5,000 ቃል፣ ያለ ክፍያ፣ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመም ይቀበላሉ። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታኒያ ግዛቶች የሆኑ አገሮች ማኅበር) አባል ስላልሆነች አዲስ አበባ ያለው ወንድምዎ መግባት አይችልም። ኬን የተባለው የአፍሪካ የአጭር ልቦለድ ሽልማት በእንግሊዝኛ ታትሞ የወጣ ሥራ ሲፈልግ ነው የኖረው፤ የሚያስገባውም አሳታሚው ነው። ለተተረጎሙ መጻሕፍት የሚሰጠው ዓለም አቀፉ የቡከር ሽልማትም እንዲሁ፦ መጽሐፉ በብሪታኒያ ወይም በአየርላንድ ታትሞ አሳታሚው ማስገባት አለበት፤ 50,000 ፓውንዱን ደራሲውና ተርጓሚው እኩል ይካፈላሉ። የቃላት ገደቡን ሲቆጥሩ በእንግሊዝኛው ይቁጠሩ፤ አማርኛው ሲተረጎም በብዙ ያብጣል፣ 4,000 ቃል የነበረው ከገደቡ ሊያልፍ ይችላል።

ከተርጓሚዎ ጋርም ውል ይኑርዎት። ትርጉም ራሱን የቻለ መብት አለው፤ ተርጓሚው ሳይስማማ ትርጉሙን ለውድድር መላክ አይቻልም። ለአነስተኛ የውጭ አሳታሚ የሚላከው ሙሉው መጽሐፍ ሳይሆን ከ20 እስከ 30 ገጽ የተተረጎመ ናሙና ነው። አሳታሚው ብሪታኒያ ውስጥ ከሆነ ኢንግሊሽ ፔን የተባለው የደራስያን ድርጅት ለትርጉም ወጪ የሚሰጠውን ድጋፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ማመልከቻው የእሱ ነው፣ የደራሲው አይደለም። ብዙ ደራሲ ይህን ስለማያውቅ ሙሉ ትርጉሙን በራሱ ገንዘብ አሠርቶ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ለግጥምስ?

መልስ፦ የአፍሪካ ግጥም መጻሕፍት ፈንድ የሚያዘጋጀው የሲለርማን ሽልማት የግጥም መድበል አሳትመው ለማያውቁ ገጣሚዎች ነው። ቢያንስ 50 ገጽ ይጠይቃል፣ የመግቢያ ክፍያ የለውም፣ ለአሸናፊው 1,000 ዶላርና በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ መታተም ያስገኛል። ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ ይቀበላል፤ ከገንዘቡ ድርሻ ለተርጓሚው ይሰጣል። ወላጆቹ አፍሪካውያን የሆኑ፣ ውጭ አገር የተወለደ ገጣሚም መግባት ይችላል። የግጥም ትርጉም ግን በማሽን ተሠርቶ አይላክ። ዜማውና ቅኔው የጠፋበት ግጥም ዳኛው ፊት ሲቀርብ የሚዋረደው ገጣሚው ነው።

ጥያቄ፦ «ሥራዎ ተመርጧል፣ 2,800 ዶላር ይላኩ» የሚል ኢሜይል ከውጭ አሳታሚ ደረሰኝ።

መልስ፦ አይላኩ። መርጦ የሚያሳትም አሳታሚ ከደራሲ ገንዘብ አይጠይቅም። ለውድድር ከ20 እስከ 30 ዶላር የመግቢያ ክፍያ መጠየቅ በአሜሪካ የተለመደ ነው፤ ከኢትዮጵያ መክፈል ለማይችል ሰው ነፃ የሚያደርጉም ስላሉ ቀነ ገደቡ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት አስቀድመው በትሕትና ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቅጹ ላይ የቤተሰብ ስም ይላል። ምን ልሙላ?

መልስ፦ የአባትሽን ስም፣ ልክ በፓስፖርትሽ ላይ እንደተጻፈው በተመሳሳይ የእንግሊዝኛ ፊደል። የብዕር ስም ካለሽ ለብቻው ባለው ቦታ ይገባል። የባንክ ሒሳቡ ስም ከቅጹ ጋር ካልገጠመ ሽልማቱ ተልኮ ሊመለስ ይችላል። ዳኞች ስም ሳያዩ የሚያነቡበት ውድድር ከሆነ ስምሽን ከሽፋኑ፣ ከገጹ ግርጌና ከፋይሉ ስም ላይ ሁሉ አጥፊ፤ ዎርድ ራሱ በፋይሉ መረጃ ውስጥ የጸሐፊውን ስም ስለሚይዝ እሱም ይጽዳ። በዚህ ብቻ የሚወድቅ ሥራ አለ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው ቀን ዲሴምበር 1 ይላል፤ በእኛ መቼ ነው?

መልስ፦ ኅዳር 22 (ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን አንድ ቀን ቀድሞ ኅዳር 21)። ሰዓቱ በኒው ዮርክ ሰዓት 11:59 ከምሽቱ ከሆነ አዲስ አበባ ላይ በማግስቱ ከጠዋቱ 1:59 ነው። በለንደን እኩለ ሌሊት ከሆነ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ቢሆንም ሦስት ቀን ቀደም ብለህ ላክ፤ ኢንተርኔቱ ባይቋረጥም መብራቱ ሊሄድ ይችላል። ከላክህ በኋላ የማረጋገጫ ኢሜይል ካልደረሰህ እንዳልገባ ቁጠረውና ዛሬውኑ ጻፍላቸው።