ከጨዋታ የሚወሰደው ነጥብና ሜዳሊያው አይደለም

ጠያቂያችን፣ አለቃዎ በመጋዘን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌራችሁ ላይ እንደ ቪዲዮ ጨዋታ ነጥብና ሜዳሊያ ጨምሩበት ማለታቸውን ገልጸው፣ ይህ በእርግጥ ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ለሚገኝ አንድ አከፋፋይ ድርጅት የሽያጭ ሶፍትዌር ስሠራ ይህንኑ ሞክሬ አፍሬበታለሁ። በቀን ብዙ ደረሰኝ የቆረጠ ሠራተኛ ስሙ ከላይ የሚወጣበት የደረጃ ሰንጠረዥ አዘጋጀን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ገንዘብ ተቀባዮቹ የአንዱን ደንበኛ ግዢ ሦስትና አራት ቦታ ከፋፍለው ይቆርጡ ጀመር፤ ደንበኛው ተሰልፎ ሲጠብቅ፣ ሂሳብ ክፍሉ ደግሞ የደረሰኝ ክምር ሲያመሳክር ያመሻል። ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም፤ ነጥቡን የሰጠነው ለደረሰኝ ብዛት በመሆኑ፣ የተጫወቱት እኛ ባወጣነው ሕግ ነው።

በእኔ እምነት ከጨዋታ የሚወሰደው ቁም ነገር ሰውን ያለ አስተማሪ ማስተማሩ ነው። ኔንቲዶ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ እንዲህ አድርግ የሚል ጽሑፍ የለውም፤ ተጫዋቹ በስክሪኑ ግራ በኩል ቆሞ ፊት ለፊቱ ባዶ ስለሚያይ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ የመጀመሪያው ጠላት ሲመጣም ካልዘለለ ይሞታል፤ ከሦስት ነፍሱ አንዷን ቢያጣም ገና መነሻው ላይ ስለነበረ ወዲያው ተመልሶ ይሞክራል። ፒያሳ ባሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶች እንግሊዝኛ በቅጡ የማያነቡ ልጆች ቡድናቸውን በሰከንዶች ሲያሰልፉ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እኛም ሰንጠረዡን አንሥተን፣ አዲስ ገንዘብ ተቀባይ በሐሰተኛ ዕቃና በሐሰተኛ ብር እየተሳሳተ የሚለማመድበት፣ የድርጅቱን ሂሳብ የማይነካ ገጽ ሠራን፤ የመመሪያውን ጥራዝ ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ የለም።

ከሁሉ የበለጠ የጠቀመን ግን ጨዋታዎች ተጫዋቹ የደረሰበትን ቦታ ራሳቸው መዝግበው የሚይዙበት ልማድ ነው። መብራት ድንገት እልም ሲል ሃያ ዕቃ የተመዘገበበት ደረሰኝ አብሮ ይጠፋ ነበርና፣ አስቀምጥ የሚለውን ቁልፍ ጨርሶ አስወግደን፣ እያንዳንዱ ዕቃ በስካነር እንደተነበበ ወዲያው እንዲመዘገብ አደረግን። መብራት ሲመለስ ደረሰኙ በቆመበት ይከፈታል፤ ሠራተኛውም ደንበኛውን "እንደገና ልጀምርልዎ" ብሎ ከመለማመጥ ዳነ።

(እግረ መንገዴን፣ ብዙ ቢሮዎች ለሥራ መልእክት መለዋወጫ የሚጠቀሙበት ስላክ የተባለው ሶፍትዌር ራሱ የተወለደው ግሊች የተባለውን ጨዋታ ይሠራ የነበረው ቡድን ለውስጥ መገናኛው ካበጀው መሣሪያ ነው፤ ጨዋታው በ2012 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፣ መሣሪያው ግን ተረፈ።)

አለቃዎ በሐሳባቸው ከጸኑ፣ ነጥቡ ለባለቤቱ ብቻ የሚታይ ይሁን፤ የሚቆጥረውም የሥራውን ብዛት ሳይሆን፣ በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ በሶፍትዌሩ ከተመዘገበው ጋር የተስማማባቸውን ቀናት ይሁን።