ለወንጀል ልብ ወለድህ የብዕር ስም
ወንድሜ፣ በስምህ የልጆች ተረት ስታሳትም ቆይተህ አሁን የወንጀል ልብ ወለድ ስለጨረስክ "የብዕር ስም ላውጣ ወይ?" ብለሃል። እኔ አውጣ ባይ ነኝ። ስምህን አይታ ለልጇ መጽሐፍ ያነሳች እናት ገጽ 3 ላይ የታረደ ሰው ስታገኝ አስበው! የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲም ወንጀል የሌለባቸውን 6 ልብ ወለዶች ያወጣችው ሜሪ ዌስትማኮት በሚል ስም ነው። ምስጢሩ ወደ 20 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ቆይቷል።

ችግሩ፣ አንባቢ ፍለጋ ከዜሮ ትጀምራለህ። የድሮዎቹ አይከተሉህም። የኅትመት ውሉን ግን በእውነተኛ ስምህ ፈርም፤ የብዕር ስሙም እዚያው ይጻፍ። ደግሞ ስሙን ሳትወስን ኢንተርኔት ላይ ፈልገው። እኔ የመረጥኩትን ሌላ ደራሲ ይዞት ኖሮ ሽፋኑን እንደገና አሠርቻለሁ።